በየቀኑ የሚጎድለው ውሃ፦ ገንዳውን ልክደነው ወይስ ልሙላው?

የመክፈቻው ጥያቄ

ይህን ጥያቄ በዓሣ ገንዳ ያዢዎች የጽሑፍ ውይይት ላይ ያቀረበው ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ የሚኖር፣ በባሕር ዓሣ አያያዝ ገና ጀማሪ የሆነ ወጣት ነው። ሳሎኑ ውስጥ 200 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ አለው፤ በውስጡም ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ሽሪምፕና ጥቂት ለስላሳ ኮራሎች ያኖራል። የግንቦት ሙቀት ከገባ ወዲህ ውሃው በቀን አራት ሊትር ያህል እየጎደለበት መቸገሩን፣ ጀሪካን እያነሡ መሙላት እንደሰለቸውና በገንዳው ጠርዝ ላይ ነጭ የጨው ቅርፊት እየተጋገረ መሆኑን ዘርዝሮ፣ ከላይ በወፍራም መስታወት ግጥም አድርጎ ቢከድነው ችግሩ ይወገድለት እንደሆነ ጠየቀ። እግረ መንገዱንም የጎደለውን የሚሞላው ጨው በተበጠበጠበት ውሃ መሆኑን ጠቅሶ አለፈ። የውይይቱን አቅጣጫ የወሰነው ይህ በአንድ ዓረፍተ ነገር የታለፈ ነገር ነው።

እኔም በዚሁ ከተማ ገንዳ ያለኝ ሰው በመሆኔ ውይይቱን ከጅምሩ ተከታትዬዋለሁ። ከምላሾቹ መካከል ብዙ ጊዜ ተፈልጎ የማይገኝ ቁም ነገር ስላለ፣ በተራ ቁጥራቸው መሠረት እየተረክሁ የምስማማበትንና የማልስማማበትን እለያለሁ።

1ኛ ምላሽ

የመጀመሪያዋ መልስ ሰጪ በድሬዳዋ ከዚራ ሠፈር የምትኖር፣ በዚህ ሥራ የቆየች እህት ናት። ወንድሜ ብላ በትሕትና ከጀመረች በኋላ፣ የክዳኑን ነገር ለጊዜው ትቶ በቅድሚያ የሚሞላበትን ውሃ እንዲቀይር መከረችው። ምክንያቷን ስታስረዳም የሚተነው ውሃው ብቻ እንደሆነና ጨው እንደማይተን፣ ወጥ እሳት ላይ ሲቆይ መረቁ እየመጠጠ ጨው እንደሚበዛበት ሁሉ ገንዳውም ውሃው በጎደለ ቁጥር ጨዋማነቱ እንደሚጨምር ገለጸች።

ከዚያም ስሌቱን አስቀመጠችለት። በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ውስጥ 35 ግራም ጨው ያለበት መደበኛ የባሕር ውሃ 200 ሊትር ሲሆን 7 ኪሎ ግራም ያህል ጨው ይይዛል። 20 ሊትር ተንኖ ሳይተካ ቢቆይ ያው ጨው በ180 ሊትር ውስጥ ስለሚቀር መጠኑ ወደ 39 ይወጣል፤ ይሁን እንጂ ጨው በሌለው ውሃ ሲሞላ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጨዋማ ውሃ የሚጨምር ሰው ግን በእያንዳንዱ 4 ሊትር 140 ግራም ጨው እያከለ ስለሚሄድ፣ በአሥር ቀን ውስጥ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ጨው ይጨምርና ገንዳውን 42 ያደርሰዋል። በጨዋማነቱ የታወቀው የሰሜኑ ቀይ ባሕር እንኳ 40 ገደማ መሆኑን አስታውሳ፣ ከማንኛውም ነገር በፊት ውሃውን እንዲለካ አሳሰበችው።

2ኛ ምላሽ

ጠያቂው በማግስቱ ተመልሶ አመስግኗል። ከጓደኛው በተዋሰው፣ ውሃ ላይ ተንሳፎ እፍጋቱን በሚያሳይ የብርጭቆ ሃይድሮሜትር ለክቶ 1.030 እንዳገኘ፣ የውሃው ሙቀትም 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንደነበረ ጻፈ። ሽሪምፑ ከድንጋይ ሥር አልወጣም ማለቱንም አስተውያለሁ።

3ኛ ምላሽ

ሐረር ውስጥ ኬሚስትሪ የሚያስተምሩ አንድ መምህር ንባቡ ራሱ እርማት እንደሚያስፈልገው አመለከቱ። ውሃ ሲሞቅ እፍጋቱ ስለሚቀንስ፣ በ25 ዲግሪ ላይ የተስተካከለ ሃይድሮሜትር በ30 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ልዩነቱም በኪሎ ግራም 2 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ የልጁ ገንዳ ንባቡ የሚያመለክተው 40 ሳይሆን ወደ 42 የተጠጋ መሆኑን፣ ይህም 1ኛዋ መልስ ሰጪ በስሌት ከደረሰችበት ጋር እንደሚገጣጠም አሳዩ። ጨዋማነትን በብርሃን ስብራት የሚለካውን ሪፍራክቶሜትር መግዛት የሚችል ሰው ቢገዛ እንደሚሻል ጠቁመው፣ በዚህም ቢሆን ሙቀትን በራሱ ያካክሳል የሚባለው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ የሚያካክሰው ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ክልል ብቻ ስለሆነ፣ የድሬዳዋ ሰው ከሰዓት በኋላ በሚነደው ሙቀት ሳይሆን ጠዋት ማልዶ እንዲለካ፣ መሣሪያውንም ጨዋማነቱ 35 ሆኖ በተዘጋጀ ማመሳከሪያ ፈሳሽ እንዲያስተካክል መከሩ።

ቀጥለውም ማረሚያውን በጥንቃቄ አስቀመጡ። ከ42 ወደ 35 ለመውረድ ከገንዳው ውስጥ በድምሩ አንድ ስድስተኛ ያህሉን፣ ማለትም 33 ሊትር ገደማ ቀድቶ አውጥቶ ጨው በሌለው ውሃ መተካት ያስፈልጋል። ይህን በአንድ ጊዜ ማድረግ ግን ዓሦቹ ቢችሉት እንኳ ሽሪምፑንና ኮራሎቹን ስለሚጎዳ፣ በትነት ከሚጎድለው 4 ሊትር በተጨማሪ በየቀኑ አምስት ሊትር ተኩል እየቀየሩ ለስድስት ቀናት መቀጠል ይገባል። እንዲህ ሲደረግ ለውጡ በቀን ከ1 ግራም እምብዛም አይበልጥም። እኔም የምስማማው በዚህ ነው፤ በዝግታ የጨመረ ጨው በዝግታ ሊወርድ ይገባል።

4ኛ ምላሽ

አንድ ተሳታፊ እስካሁን የተባለውን ሁሉ ዘሎ፣ እሱ ገንዳውን በመስታወት ከከደነ ወዲህ በሳምንት አንዴ ብቻ ትንሽ ውሃ እንደሚጨምር ጠቅሶ ልጁ ያለ ማመንታት እንዲከድን መከረ። ምላሹ ሁለት መስመር ብቻ ነበረች፤ የውይይቱን ድምፅ የቀየረችውም እሷ ናት።

5ኛ ምላሽ

የኤር ኮንዲሽነር ጥገና ባለሙያ የሆነ የድሬዳዋ ልጅ በቁጣ መለሰ። በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ በሚያልፍ ከተማ ውስጥ ገንዳ ክደን ብሎ መምከር እንስሳቱን ቀቅላቸው ከማለት እንደማይለይ ጽፎ፣ ከዚያ ግን ከቁጣው ይልቅ የሚጠቅም ማብራሪያ ሰጠ። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 2,400 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ከውጭ ሌላ ሙቀት ካልገባ ይህ 200 ሊትር ውሃን በ3 ዲግሪ ገደማ ለማቀዝቀዝ የሚበቃ ነው። ልጁን ያማረሩት አራት ሊትሮች በ24 ሰዓት ሲሰሉ 110 ዋት ያህል ሙቀት ያለ ማቋረጥ ከገንዳው ያወጣሉ። ፓምፑ፣ መብራቱና የሳሎኑ አየር በውሃው ላይ የሚጭኑትን ሙቀት እያስወጣ ያለው ይኸው ትነት ነው። ክዳኑ ሲገጠም ውሃው መጉደሉን ያቆማል፤ ሙቀቱም አብሮ መውጣቱን ያቆማል። ከዚህም በላይ የሞቀና ጨዋማ የሆነ ውሃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ከላይ በመስታወት ታፍኖ መብራት የጠፋ ሌሊት ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ሊያድሩ እንደሚችሉ አስጠነቀቀ።

ይህን ምላሽ በውይይቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ እጅግ አስፈላጊው አድርጌ አየዋለሁ። ቀዝቃዛ አገር ውስጥ የተጻፉ መመሪያዎች ትነትን እንደ ኪሳራ አድርገው ያቀርቡታል፤ በእነሱ ቤት ውሃውን የሚያሞቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሞቂያ ስለሆነ ትነት ገንዘብ ያስወጣቸዋል። ድሬዳዋ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ማቀዝቀዣ ማሽን ገዝቶ ማስገባት ለአብዛኞቻችን የማይታሰብ በሆነበት ሁኔታ፣ በየቀኑ የምንሞላው ጥቂት ሊትር ውሃ ያንን ማሽን ተክቶ ይሠራል። ኮራሎች 30 ዲግሪ ላይ መሰንበት ከጀመሩ በሰውነታቸው ውስጥ የሚኖሩትን ጥቃቅን አልጌዎች አስወጥተው ይነጣሉ፤ የሁለት ዲግሪ ልዩነት ለእነሱ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ስለሆነም ጥያቄው ትነቱ እንዴት ይቁም ሳይሆን የሄደው ውሃ በምን ውሃ፣ በምን ያህል መጠንና ፍጥነት ይተካ የሚል መሆን አለበት ባይ ነኝ።

6ኛ እና 7ኛ ምላሽ

4ኛው ተሳታፊ በተነገረው ተቀይሞ ተመለሰ። ኮራሎቹ በሕይወት እንዳሉ፣ የሰውን ልምድ ሳይጠይቁ ማንቋሸሽም ከባለሙያ እንደማይጠበቅ ጽፎ፣ በመጨረሻ ገንዳው ያለበት ክፍል ቀንና ሌሊት ኤሲ እንደሚሠራበት ገለጸ። ይህ አስቀድሞ ቢነገር ኖሮ ብዙ ክርክር ባልነበረ ነበር።

በ7ኛው ምላሽ ሁሉም ጋሼ እያሉ የሚያከብሯቸው፣ በውይይቱ ውስጥ በዕድሜ አንጋፋ የሆኑ ተሳታፊ ሁለቱን አስታረቁ። ኤሲ ባለበት ክፍል ያለ ገንዳ ሲከደን ችግር እንደማይፈጥር፣ ኤሲ በሌለበት ሳሎን ያለው ገንዳ ግን ክፍት መሆን እንዳለበት አስረድተው፣ ልጁ ዓሣ ዘሎ እንዳይወጣበት የሚሰጋ ከሆነ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ፍሬም ላይ የተወጠረ የናይለን መረብ እንዲያደርግ፣ የብረት ወንፊት ግን ዝጎ ወደ ውሃው ስለሚንጠባጠብ ፈጽሞ እንዳይጠቀም መከሩ። ትንሽ ቬንቲሌተር በውሃው ገጽ ላይ በአግድም ቢነፍስ ሙቀቱን ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሊያወርደው እንደሚችል፣ ትነቱ ግን በዚያው ልክ እንደሚጨምር ጠቅሰው፣ በሐምሌና በነሐሴ አየሩ እርጥበት ሲያዝል ደግሞ ቬንቲሌተሩ ያን ያህል ስለማይረዳ ያኔ የመብራቱን ሰዓት ማሳጠር እንደሚሻል አከሉ። 5ኛው መልስ ሰጪም ስለ አነጋገሩ ይቅርታ ጠየቀ።

8ኛ እና 9ኛ ምላሽ

ከሐረር ጀጎል አካባቢ የጻፈ አንድ ወጣት፣ ከተማው ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለና ነፋሻማ በመሆኑ ይህ ችግር የድሬዎች ብቻ እንደሆነ፣ ሐረሮች ስለ ትነት መጨነቅ እንደማያስፈልጋቸው በኩራት ተናገረ።

መምህሩ የገዛ ከተማቸውን ሰው ከማረም አልተመለሱም። ትነትን የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ብቻ ሳይሆን ከውሃው ገጽ ላይ በሚነሣው እንፋሎት ግፊትና በአየሩ ውስጥ ባለው እንፋሎት ግፊት መካከል ያለው ልዩነት መሆኑን አብራሩ። በኅዳርና በጥር ሐረር ውስጥ ክፍሉ 18 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት ግማሽ ያህል ሆኖ ገንዳው በማሞቂያ 26 ዲግሪ ላይ ቢያዝ ልዩነቱ 2.3 ኪሎ ፓስካል ይደርሳል። ድሬዳዋ ውስጥ አየሩ 33 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 35 በመቶ፣ ውሃው 29 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ ልዩነቱ 2.2 ገደማ ነው። ሁለቱ ገንዳዎች የሚያጡት ውሃ ተቀራራቢ ነው ማለት ነው። ልዩነቱ ሐረር ላይ ትነቱ የማሞቂያውን ኤሌክትሪክ መብላቱ፣ ድሬዳዋ ላይ ግን ማቀዝቀዙ ነው። ስለዚህ የመስታወት ክዳን የሚያዋጣው በእርግጥ ለሐረሩ ሰው ነው፤ የጋዝ ልውውጥ እንዳይታጎል ከኋላ በኩል ክፍተት መተው ግን ለእሱም ግዴታ ነው። እኔ ከዚህ በፊት በዚህ መልኩ ሲሰላ አላየሁትም ነበርና በጣም ወድጄዋለሁ።

10ኛ ምላሽ

የከዚራዋ እህት ተመልሳ ሁሉም የዘነጋውን ጉዳይ አነሣች፤ ጨው የሌለው ውሃ ሲባል የቧንቧ ውሃ ማለት አይደለም። የድሬዳዋ ውሃ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ፣ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈና ከባድ መሆኑን ማንም ሰው ማንቆርቆሪያውን ገልጦ ግርጌው ላይ የተጋገረውን ነጭ ድንጋይ በማየት ያረጋግጣል። ውሃው ሲተን ያ ሁሉ ማዕድን ገንዳው ውስጥ ይቀራል፤ በማግስቱም ሌላ ይጨመርበታል። ምሳሌ አድርጋ ያቀረበችው ናይትሬትን ነው። በየቀኑ 4 ሊትር የሚሞላ ሰው በወር 120 ሊትር ይጨምራል። ውሃው በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ያለበት ቢሆን፣ ይህም የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ ነው፣ በወሩ መጨረሻ 200 ሊትሩ ገንዳ ላይ በሊትር 30 ሚሊ ግራም ይታከልበታል። ለሰው ምንም የማይሆን ውሃ በዚህ መንገድ እየተጠራቀመ አልጌ ያበዛል፣ ኮራሉንም ያዳክማል። ትነቱ በበዛ መጠን የመሙያው ውሃ ንጽሕና ይበልጥ ወሳኝ ይሆናል ማለቷ ትክክል ነው። ለዚህም በአርኦ ማጣሪያ፣ ማለትም ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ ማዕድኑን በሚያስቀር መሣሪያ፣ የወጣ ውሃ እንዲጠቀም መከረችው። ማጣሪያው በቂ ግፊት ስለሚፈልግ ግን ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ብቻውን አይበቃውም፤ አሥር ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ብቻ ሲሆን ማጣሪያው በጥሩ ሁኔታ ለመሥራት 3 ባርና ከዚያ በላይ ስለሚሻ ግፊት የሚጨምር ትንሽ ፓምፕ አብሮ መገጠም አለበት።

11ኛ እና 12ኛ ምላሽ

አንድ ተሳታፊ ማጣሪያ ከመግዛት ይልቅ ከኤሲ የሚንጠባጠበውን ውሃ በሃይላንድ ማጠራቀም እንደሚቻል፣ ከአየር የተጨመቀ ስለሆነም ማዕድን እንደሌለው አስተያየቱን ሰጠ። ሐሳቡ በመጀመሪያ ሲሰሙት የሚማርክ ነው። የኤሲ ባለሙያው ግን በዚህ ጊዜ በእርጋታ፣ ያ ውሃ ወደ ፕላስቲኩ ከመድረሱ በፊት የሚንጠባጠበው በመዳብ ቧንቧዎችና አቧራ በጠጣ ፍርግርግ ላይ መሆኑን፣ እሱ ራሱ ማሽኑን ሲያጥብ የሚረጨው ኬሚካልም ለጊዜው እዚያው እንደሚቆይ አስረዳ። ዓሣ የሚቋቋመው ጥቂት መዳብ ሽሪምፕን፣ ቀንድ አውጣንና ኮራልን ይገድላል፤ በየቀኑ ሲጨመር ደግሞ እንደ ናይትሬቱ ሁሉ ይጠራቀማል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርድ የዝናብ ውሃም ዚንክ ስለሚይዝ በተመሳሳይ ምክንያት አይሆንም። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ በእርግጥ የተጣራ ከሆነ ሊያገለግል እንደሚችል፣ አሲድ የነበረበት ጀሪካን ታጥቦ የተሞላ እንዳይሆን ግን ሻጩን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ጨመረ።

13ኛ ምላሽ

እዚህ ላይ ውይይቱ እጅግ ከረረ። አንድ ሰው፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበትና እናቶች ጀሪካን አሰልፈው በሚጠብቁበት ከተማ፣ ለሁለት ዓሣ ሲባል አንድ ሊትር አጣርቶ ሦስትና አራት ሊትር ወደ ፍሳሽ የሚደፋ ማሽን መግጠም ነውር እንደሆነ ጻፈ። ቃላቱ የከበዱ ነበሩ፤ ነጥቡ ግን ሊታለፍ የማይገባው ነው።

14ኛ ምላሽ

የመለሱት ጋሼ ናቸው። ልጄ ብለው፣ ቁጣው ተገቢ መሆኑን ተቀብለው ስሌቱን ግን አብረው እንዲያዩት ጋበዙት። ለ4 ሊትር የተጣራ ውሃ ከ12 እስከ 16 ሊትር ተረፈ ውሃ ይወጣል። ይህ ተረፈ ውሃ የቆሸሸ አይደለም፤ ማዕድኑ ከመጀመሪያው በሲሶ ገደማ የጨመረ የቧንቧ ውሃ ነው። በባልዲ ከተያዘ ለወለል፣ ለልብስ ማለቅለቂያና ለመጸዳጃ ቤት ሙሉ በሙሉ ያገለግላል፤ በእሳቸው ቤትም ቱቦው የሚገባው ወደ ልብስ ማጠቢያው በርሜል እንጂ ወደ ፍሳሽ እንዳልሆነ ተናገሩ። እኔ ከዚህም አልፌ፣ ተረፈ ውሃውን የማይጠቀምበት ሰው በዚህ ከተማ ውስጥ የባሕር ገንዳ ሊይዝ አይገባውም እላለሁ። ተቺው መልስ ባይሰጥም ማጣሪያ ያላቸው ሦስት ተሳታፊዎች ቱቦአቸውን ወደ በርሜል ማዞራቸውን ከዚያ በኋላ ጽፈዋል።

15ኛ፣ 16ኛ እና 17ኛ ምላሽ

የውሃ ነገር ሲነሣ አንዱ የሐረማያ ሐይቅን መድረቅ አስታውሶ ትነት ያደረቀው ሐይቅ ብሎ ጻፈ። መምህሩ በአጭሩ፣ ትነት ድሮም እንደነበረ፣ ሐይቁን ያደረቀው ለመስኖና ለከተሞች መጠጥ የተቀዳው ውሃና ከተራቆተው መሬት የገባው ደለል ተደምሮ መሆኑን አርመው ወደ ጉዳዩ መለሱን።

ሌላው ደግሞ ከውጭ የሚመጣው የገንዳ ጨው ውድ በመሆኑ፣ ከአፍዴራ የሚመጣው የአፋር ጨው ለምን አይሆንም ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ከርእሱ የወጣ ቢመስልም በ17ኛው ምላሽ መምህሩ የሰጡት ማብራሪያ በቀጥታ ትነትን የሚመለከት ነበር። ጨዋማ ውሃ በፀሐይ ሲተን በውስጡ ያሉት ማዕድናት አንድ ላይ አይረጉም። አስቀድሞ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ቀጥሎ ጂፕሰም ከረጋ በኋላ ነው የምንበላው ጨው የሚወጣው፤ ማግኒዥየሙ ደግሞ በመጨረሻው መራራ ውሃ ውስጥ ይቀርና ይደፋል። ስለዚህ ተሰብስቦ ገበያ የሚወጣው ጨው በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ሲሆን፣ ኮራል አጥንቱን የሚሠራበት ካልሲየምና ማግኒዥየም ተለይተውለታል። በውሃ ቢበጠበጥ ሃይድሮሜትሩ 35 ሊያሳይ ይችላል፤ የባሕር ውሃ ግን አይሆንም።

18ኛ ምላሽ

የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራ አንድ ተሳታፊ፣ ልጁ ከጀሪካን ድካም እንዲገላገል ውሃውን በራሱ የሚሞላ መሣሪያ ስለመሥራት በዝርዝር ጻፈ። መሣሪያው ሦስት ነገሮች ብቻ አሉት፤ የተጣራ ውሃ ያለበት ዕቃ፣ በውስጡ የተቀመጠ ትንሽ ፓምፕና የገንዳው ውሃ ዝቅ ሲል ፓምፑን የሚያስነሣ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ። በቀን አንዴ አራት ሊትር ከመገልበጥ በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ መጨመሩ ለእንስሳቱ የተሻለ መሆኑም አያከራክርም።

የጻፋቸው ማስጠንቀቂያዎች ግን ከመሣሪያው ገለጻ ይበልጣሉ። አንደኛ፣ ሮቶ ሲሞላ ውሃ የሚዘጋውን ኳስ ያለው መዝጊያ ከጣሪያው መስመር ጋር በቀጥታ አገናኝቶ ገንዳ ላይ መግጠም ከቶ አይገባም። ጨው ተጋግሮበት ወይም ቀንድ አውጣ ተቀምጦበት አልዘጋም ቢል ሮቶው ያለውን ሁሉ ያፈስሳል። መሙያው ዕቃ 10 ሊትር ብቻ ቢይዝ ግን ሙሉ በሙሉ ቢገለበጥ እንኳ ጨዋማነቱ ከ35 ወደ 33 ገደማ ነው የሚወርደው፤ ይህን እንስሳቱ ያልፉታል። ሁለተኛ፣ የመሙያው ቱቦ ጫፍ ምንጊዜም ከገንዳው ውሃ በላይ በአየር ላይ ይንጠልጠል። ጫፉ ውሃ ውስጥ ከገባና መሙያው ዕቃ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ፣ ፓምፑ ካቆመ በኋላም ውሃው በራሱ ስበት መፍሰሱን ይቀጥላል። ሦስተኛ፣ ከታች ሁለተኛ ገንዳ ያላቸው ሰዎች መብራት ሲጠፋ የላይኛው ውሃ ወደ ታች ስለሚወርድ ከፍታው የተሳሳተ መስሎ ይታያል፤ ከፍታው መነበብም ሆነ ውሃ መጨመር ያለበት ፓምፑ እየሠራ ባለበት ሰዓት ብቻ ነው። ሶኬት ላይ የሚሰኩ ገመዶችም ጨዋማ ጠብታ ወደ ሶኬቱ እንዳይደርስ ከሶኬቱ በታች ወርደው እንደገና የሚወጡ እንዲሆኑ አሳስቧል።

19ኛ ምላሽ

የከዚራዋ እህት፣ ጠርዙ ላይ ስለሚጋገረው ጨው የተነሣው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ መቅረቱን አስታወሰች። የአየር አረፋዎች ሲፈነዱ የሚረጩት ጠብታ ደርቆ የሚፈጥረው ስለሆነ፣ በለስላሳ ብሩሽ ጠርጎ ወደ ውሃው መመለስ ወይም በእርጥብ ጨርቅ ማንሣት እንደሚቻል፤ የሚነሣው ጨውና በስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ ሰብስቦ በሚያስወጣ መሣሪያ) የሚወጣው ቆሻሻ ውሃ ከገንዳው የወጡ ጨዎች በመሆናቸው ግን በጨው አልባ ውሃ ብቻ እየሞሉ ወራት ሲያልፉ ጨዋማነቱ ቀስ በቀስ ሊወርድ እንደሚችል ገለጸች። በየሳምንቱ መለካት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

20ኛ ምላሽ

ጠያቂው ገንዳውን በናይለን መረብ መክደኑን ጠቅሶ አንድ ጥያቄ አከለ። ለሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ከቤተሰቡ ጋር ለጥቂት ቀናት ስለሚሄድና አውቶማቲክ መሙያውን እስከዚያ መግዛት ስለማይችል፣ ውሃውን ለጎረቤት አደራ መስጠት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ።

21ኛ ምላሽ

ጋሼ ራሳቸው በየዓመቱ የሚያደርጉትን ነገሩት። በገንዳው መስታወት ላይ ትክክለኛው የውሃ ከፍታ በፕላስተር ምልክት ይደረግበት፤ ለእያንዳንዱ ቀን የሚሆን የተጣራ ውሃ በየሃይላንዱ ተሞልቶ ቀኑ ይጻፍበት፤ ጨው የተበጠበጠበት ጀሪካን ግን ጎረቤት በማይደርስበት ክፍል ይቆለፍበት። ምግብ የመስጠት ኃላፊነት ለጎረቤት ባይሰጥ እንደሚሻል፣ ጤነኛ ዓሣ ሁለት ሦስት ቀን ቢጾም እንደማይጎዳና ብዙ ምግብ ግን ውሃውን እንደሚያበላሽ አስታወሱ።

22ኛ ምላሽ

የኤሌክትሪክ ባለሙያው በዚህ ላይ አንድ እርማት አስገባ። ሃይላንዶቹ የሚሞሉት ቬንቲሌተሩ ቀኑን ሙሉ ይሠራል በሚል ስሌት ስለሆነ፣ መብራት ለረጅም ሰዓት በጠፋበት ቀን ትነቱ ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ ጎረቤትየው የዕለቱን ውሃ በሙሉ እንዲገለብጥ ሳይሆን እስከ ፕላስተሩ መስመር ብቻ እንዲሞላ፣ የተረፈውንም በሃይላንዱ ውስጥ እንዲተው ይነገረው።